የማገዶ ግንድ በመኪና መግዛት፦ ከደብረ ብርሃንና ከአካባቢዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«መኪናው ስንት ነው?» ብሎ የሚጀምር ገዢ እንጨቱ ሳይራገፍ ተበልቷል። የሚገዛው መኪናውን አይደለማ! ከታች ያሉት ጥያቄዎች ጎረቤቶቼ፣ አረቄ የሚያወጡ እናቶች፣ ዳቦ ቤት ያላቸው ወዳጆቼና ሠርግ የደረሰባቸው ዘመዶቼ በየጊዜው የሚያነሱብኝ ናቸው። ነጋዴ አይደለሁም። እናቴ አረቄ ስታወጣ እንጨት የማስገባው እኔ ነበርኩ፤ ከዚያም ወዲህ በየዓመቱ አንድ ሁለት መኪና ሳላስገባ አልቀርም። የማወራው ስለ ደጋው ነው፤ ስለ ደብረ ብርሃን፣ ስለ ባሶና ወራና፣ ስለ አንጎለላና ጠራ፣ ስለ አንኮበርና ጣርማ በር ወገን። ሸዋ ሮቢትና ምንጃር ከደጋው ዝቅ ያሉ አገሮች ስለሆኑ ዛፉም ገበያውም ሌላ ነው።

አሁን አንድ መኪና ግንድ ስንት ብር ነው?

ቁጥር አልጽፍም። ዛሬ የጻፍኩት ዋጋ ነዳጅ ሲጨምር ወይም አንድ ሳምንት ዝናብ ሲጥል ውሸት ይሆናል፤ አንብቦ የሄደም ሰው ከሻጩ ጋር በከንቱ ይጣላል። ይልቅ በአንድ ቀን ሦስት ቦታ ጠይቁ፦ አንድ እንጨት ተራ፣ አንድ የሚያመላልስ ሾፌር፣ አንድ ደን ያለው ገበሬ። ሦስቱንም አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቋቸው፦ ዛፉ ምንድን ነው፣ ከተቆረጠ ስንት ጊዜው ነው፣ ርዝመቱ ስንት ነው፣ ካሶኔው (የመኪናው የጭነት ሳጥን) ስንት በስንት ነው፣ ማውረጃው በማን ነው። እነዚህን አምስት ነገሮች ሳትሰሙ የሰማችሁት ዋጋ፣ ዋጋ አይባልም።

ዋጋውን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ምንድን ነው?

ርቀትና መንገድ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው ልብ የማይለው የቤት ግንባታን ነው። ገበሬው ባሕር ዛፉን ሲያስቆርጥ መጀመሪያ የሚለየው ለግንባታ የሚሆነውን ነው፤ ቋሚው፣ ወራጁ፣ ማገሩ፣ አጣናው ለብቻ ይቆለላል። ቀጥ ያለ እንጨት ብዙ ጊዜ ለማገዶ አይሸጥም፤ ለግንባታ ሲሸጠው የበለጠ ያገኝበታልና። ለማገዶ የሚቀረው ጠማማው፣ የግንዱ ሥር፣ የተሰነጠቀውና ቅርንጫፉ ነው። ስለዚህ ከተማው ውስጥ ግንባታ ሲጧጧፍ ዛፍ በብዛት ይወድቃል፤ ጠማማውም አብሮ ስለሚበዛ ለማገዶ ገዢ ይመቻል። ግንባታ ሲቀዘቅዝ ገበሬው ዛፉን አቁሞ ይጠብቃል፤ ማገዶም አብሮ ይጠፋል። ይህን ያየሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ቀድሞ ሁሉም ነገር ከክረምቱ ጋር ብቻ የተያያዘ ይመስለኝ ነበር።

«ሙሉ መኪና» ስንት እንጨት ነው?

ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። ግንድ ሲደረደር በመካከሉ አየር ይቀራል። ቀጥ ያለና ውፍረቱ የተቀራረበ ግንድ በሥርዓት ሲደረደር ከያዘው ቦታ ከመቶ 65 ያህሉ እንጨት ነው። ጠማማ ከሆነና ቅርንጫፍ ከተቀላቀለበት ከመቶ 50 በታች ይወርዳል። የቀረው ክፍተት ነው፤ ክፍተት ደግሞ አይነድም።

ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ርዝመቱን በወርዱ፣ ከዚያ በቁመቱ ማባዛት ነው። ካሶኔው 5 ሜትር ቢረዝም፣ 2 ሜትር ቢሰፋ፣ እንጨቱም 1.2 ሜትር ከፍ ብሎ ቢደረደር 12 ሜትር ኩብ ይሆናል። ቀጥ ያለ ከሆነ ከዚህ ውስጥ 7.8 ሜትር ኩብ እንጨት አገኛችሁ፤ ጠማማ ከሆነ 6 ቢደርስ ነው። ልዩነቱ 1.8 ሜትር ኩብ ነው። እርጥብ ባሕር ዛፍ አንዱ ሜትር ኩብ ወደ አንድ ቶን ስለሚመዝን፣ በአንድ ዓይነት መኪና፣ በአንድ ዓይነት ዋጋ፣ 18 ኩንታል ያህል ቀረባችሁ ማለት ነው። ሁለቱም ግን «ሙሉ መኪና» ይባላሉ።

ሲጫን መገኘት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ከውጭ በስፖንዳው (በካሶኔው የጎን መከለያ) ጥግ ወፋፍራሙንና ቀጥ ያለውን አቁመው መሀሉን በቅርንጫፍ የሚሞሉ አሉ። 4 ሜትር የሆነውን ግንድ 5 ሜትር ካሶኔ ላይ ጭነው ከበስተኋላ የቀረችውን አንድ ሜትር በጭራሮ የሚደፍኗትም አሉ። ከመንገድ ዳር ሆኖ ለሚያይ ሰው መኪናው ጢም ብሏል።

ሌላው ደግሞ የኩንታል ወሬ ነው። ባለ 35 ኩንታል አይሱዙ በአቅሙ ልክ ከተጫነ እርጥብ ግንድ የሚይዘው 3.5 ሜትር ኩብ ገደማ ነው፤ ሲደረደር ከወገብ በታች ይሆናል። ሾፌሩ «በዚህች ላይ 70 ኩንታል ጭኜላችኋለሁ» ካለ ወይ እየዋሸ ነው፣ ወይ እውነቱን ነው። እውነቱን ከሆነ ጣርማ በርን ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ አብራችሁት ባትቀመጡ ይሻላል።

በሚዛን ልግዛ ወይስ በስፋት (በሜትር ኩብ ለክቼ)?

እንደ እንጨቱ ነው፤ የእኔ ደንብ እርጥቡን በስፋት፣ ደረቁን በሚዛን መግዛት ነው። ምክንያቱን ላስረዳ።

አሁን የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከክብደቱ ግማሽ የሚጠጋው ውሃ ነው። 100 ኪሎ እርጥብ ስትገዙ 50 ኪሎው እንጨት፣ 50 ኪሎው ውሃ ነው እንበል። ደርቆ ለማገዶ ሲደርስ ከመቶ 20 ያህል ውሃ ይዞ ይቀራል፤ ያ ኩንታል እንግዲህ ወደ 62 ኪሎ ይወርዳል። ስለዚህ እርጥብ በሚዛን ከገዛችሁ የእውነት ዋጋው የተነገራችሁ ዋጋ 1.6 እጥፍ ነው። በገበያው ላይ የደረቁ ዋጋ ከእርጥቡ 1.6 እጥፍ በታች ከሆነ ሳትከራከሩ ደረቁን ውሰዱ።

በስፋት ስትገዙ ግን ውሃው ብዙ አይጎዳችሁም። ግንድ ሲደርቅ ጥቂት ይኮማተራል እንጂ ግማሹ አይጠፋም። ሻጮች ይህን ስለሚያውቁ እርጥቡን በኩንታል፣ ደረቁን በመኪና መሸጥ ይወዳሉ። እናንተ ገልብጡት።

በምድር ሚዛን (መኪናው ከነጭነቱ ላዩ ቆሞ በሚመዘንበት) ስታስመዝኑ ሙሉውንም ባዶውንም እዚያው ቦታ፣ በዚያው ቀን አስመዝኑ። መኪናው ተጭኖ ሲመዘን ረዳቱና ሁለት ጫኞች ላይ ተቀምጠው፣ ባዶው ሲመዘን ወርደው ሻይ የሚጠጡ ከሆነ ሁለት ኩንታል ሰው ገዝታችኋል።

ደረቅ ነው ሲሉኝ በምን አውቃለሁ?

ሁለት ጉማጅ አጋጩ። ደረቁ ይጮኻል፤ እርጥቡ ድፍን ድምፅ ነው የሚሰጠው። የደረቀ ግንድ አፉ ላይ ከመሀሉ ወደ ዳር የሚሄድ ስንጥቅ ይታያል፤ ልጡም በእጅ ይላቀቃል። ነገር ግን አፉ ብቻ ደርቆ ሆዱ ውሃ የቋጠረ ግንድ ብዙ ነው፤ በተለይ ወፍራሙ ከነልጡ ወራት ቢቀመጥም ውስጡ አይደርቅም። ስለዚህ አንዱን ወፍራም መርጣችሁ እዚያው አስፈልጡና የተፈለጠውን ፊት በጉንጫችሁ ንኩት። ቀዝቀዝና ረጠብ ካለ ደረቅ አይደለም። ሻጩ «አንድ ግንድ አበላሸህብኝ» ቢል ክፈሉት፤ ርካሽ ትምህርት ነው።

የትኛው ዛፍ ይሻላል?

በደጋው የምታገኙት በአብዛኛው ነጭ ባሕር ዛፍ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ አገሩን የሞላው እሱ ነው፤ እሱ ባይኖር ደጋው በኩበት ብቻ ይቀር ነበር። (መንዝ ላይ አሁንም ብዙ ቤት በኩበት ነው የሚያነደው፤ ማሳው የሚፈልገው ፍግ ምድጃ ውስጥ ይገባል፤ ይህ የራሱ ጉዳይ ነው።) ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ከባድ ነው፤ ነበልባሉም ፍሙም ደህና ነው።

የፈረንጅ ጥድ ቶሎ ይያያዛል፣ ቶሎ ያልቃል፣ ጥቀርሻው ይበዛል። ለመለኮሻ ካልሆነ መኪና ሙሉ ጥድ አልገዛም። ከቆላው የሚመጣ ግራር ፍሙ ይቆያል፤ ግን እሾሁና ጠማማነቱ በስፋት ለሚገዛ ሰው ኪሳራ ነው፤ ግራርን በሚዛን ብቻ።

ሥራችሁም ይወስናል። ምጣድ የሚፈልገው ቶሎ የሚንቦገቦግ ነበልባል ስለሆነ ጭራሮና ቅጠል ይበቃዋል፤ ለእንጀራ ብላችሁ ወፍራም ግንድ አትግዙ። አረቄ ደግሞ በተቃራኒው ነው። እሳቱ ሲዘልና ሲወድቅ ድፍድፉ ያርራል ወይም መቃው ይደርቃል፤ ወፍራም ግንድ ገፋ መለስ እያደረጉ እሳቱን አንድ ልክ ላይ ማቆየት ይቻላል። ዳግም አረቄ ለምታወጣ ሴት ጥሩ ግንድ ከጥሩ ጌሾ እኩል ነው።

ወረቀት ያስፈልገዋል?

አዎ፤ ይህን እንደ ሾፌሩ ጣጣ ብቻ አትቁጠሩት። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የደን ውጤትን ያለ ፈቃድ ማዘዋወርን ይከለክላል። ገበሬው ከራሱ ይዞታ መቁረጡን ቀበሌው ያውቅለት፤ የማዘዋወሪያውን ነገር ደግሞ ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። በእጃችሁ የሚገባው ወረቀት ላይ የዛፉ ዓይነት፣ መጠኑ፣ የመኪናው ታርጋ፣ መነሻውና መድረሻው፣ ቀኑም መኖሩን ተመልከቱ። ባለፈው ሳምንት ቀን የተጻፈ ወረቀት ከሆነ ያንኑ ወረቀት ስንተኛ ጊዜ እየተጓዙበት እንደሆነ ጠይቁ። ኬላ ላይ ጭነቱ ከተወረሰ ቅድሚያ የከፈለው ነው የሚከስረው።

የሐበሻ ጥድ፣ ዝግባ ወይም ኮሶ በማገዶ ዋጋ ከቀረበላችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። ከወፍ ዋሻ ደን ጥግ ሌሊት የወረደ ሊሆን ይችላል። ያ ደን ካለቀ ከሥሩ የሚፈልቀው ምንጭ አብሮ ነው የሚያልቀው፤ ጥዱም እስኪያድግ ዕድሜያችን አይበቃም። ባሕር ዛፍ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ጥዱ ግን እንዲያ አይደለም።

ከገበሬው ዛፉን በቁሙ ብገዛስ?

ለሚያውቅ ሰው ከሁሉም የሚረክሰው ይህ ነው፤ ለማያውቅ ደግሞ ከሁሉም ይከፋል። በቁሙ ስትገዙ መቁረጡም፣ ማውጣቱም፣ ማስጫኑም የእናንተ ነው። መኪና የማይደርስበት ገደል ሥር ያለ ደን በግማሽ ዋጋ ቢሰጣችሁ ሸክሙ ሌላውን ግማሽ ይበላዋል።

ከመዋዋላችሁ በፊት የሚለዩ ነገሮች አሉ። ቀጥ ያለውን አጣና የሚወስደው ማን ነው? ለእናንተ ከሆነ ሽጣችሁ ማገዶውን በነፃ ልታስቀሩ ትችላላችሁ፤ እኔ አንድ ጊዜ እንዲህ ሆኖልኛል። ቅጠሉና ጭራሮው የማን ነው? የገበሬው ሚስት ለምጣድ ትፈልገዋለችና ሳትጠየቅ «የእኔ ነው» ማለት ነውር ነው። ጉቶው ስንት ከፍታ ላይ ይቀራል? ከመሬት አንድ ስንዝር እንኳ ባይሞላ ይመረጣል፤ አፉ ውሃ እንዳይቋጥር ወደ አንድ በኩል ዘንበል ተደርጎ በመጋዝ ይቆረጥ፤ ልጡም አይገፈፍ። ጉቶው በመጥረቢያ ተጨፍጭፎ ከተተወ ዳግም በደንብ አያቆጠቁጥም፤ ገበሬውም ለሚቀጥለው ጊዜ አይሸጥላችሁም። እንዲህ ለሚያደርግ ሰው እኔም አልሸጥለትም ነበር።

ክፍያውን ለሁለት ክፈሉት፤ ግማሹ ሲቆረጥ፣ ግማሹ የመጨረሻው መኪና ሲወጣ። ሁለት ሽማግሌ ፊት ይሁን።

ደላላ ያስፈልገኛል?

የሚያውቃችሁ ገበሬ ከሌለ ያስፈልጋችኋል። ኮሚሽኑን ማን እንደሚከፍለው ብቻ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከሁለቱም ወገን የሚቀበል ደላላ የማን ወዳጅ እንደሆነ ራሱም አያውቀውም።

በየትኛው ወር ልግዛ?

ከኅዳር እስከ የካቲት። መሬቱ ደርቋል፣ መኪና ማሳ ድረስ ይገባል፣ ገበሬውም አጨዳውን ሲጨርስ ጊዜ ያገኛል። ጥር ላይ ሠርግ ስለሚበዛ ደረቅ እንጨት ይወደዳል፤ እናንተ ግን እርጥቡን ገዝታችሁ ለማድረቅ ከሆነ ከሠርገኛው ጋር አትሻሙም። ግንቦት መጨረሻ ላይ ሁሉም ሰው ክረምቱ ትዝ ይለዋል፤ ያኔ ሻጩ ይመርጣችኋል እንጂ እናንተ አትመርጡም። ሐምሌ ላይ የሚገዛ ሰው ውሃ ገዝቶ በጭስ ያለቅሳል።

ከእንጨቱ ዋጋ ሌላ ምን ወጪ ይመጣል?

መጫኛ፣ የመኪና ኪራይ፣ የወረቀት፣ ማውረጃ፣ ማስቆረጫ፣ ማስፈለጫ። ከሁሉም የሚረሳው ማውረጃው ነው። የሰፈሩ ጫኝና አውራጅ ልጆች መኪናው ከቆመ በኋላ ነው ዋጋ የሚነግሯችሁ፤ ሾፌሩም «ቶሎ አውርዱልኝ» እያለ ያስጨንቃል። አንድ ቀን ቀድማችሁ ተነጋገሩ። መኪናው ግቢ ካልገባና አስፋልት ዳር ከተራገፈ ደግሞ ጋሪ ይጨመርበታል። መንገዱን በሜትር ለኩ፤ «ይገባል» ያለ ሾፌር ሲደርስ «አይገባም» ማለት ይወዳል።

የግንዱን ርዝመት ከማስቆረጫው ጋር አስቡት። ባለ 4 ሜትር ግንድ 40 ሴንቲ ሜትር እየተደረገ ሲቆረጥ 9 ጊዜ መጋዝ ያርፍበታል። አንድ መኪና ላይ ስንት ግንድ እንዳለ ቁጠሩና አባዙት፤ ከዚያ ሻጩን «አንድ አንድ ሜትር አድርገህ ጫንልኝ» ብላችሁ ጥቂት መጨመሩ ርካሽ ሆኖ ታገኙታላችሁ። አጭር ግንድ ሲደረደርም ጥቅጥቅ ይላል፤ ክፍተቱ ይቀንሳል።

መቼ ላስፈልጠው?

ባሕር ዛፍን በእርጥቡ። ሲደርቅ ቃጫው ተጠላልፎ ድንጋይ ይሆናል፤ ሽብልቅ ይውጣል፣ የምሳር እጀታ ይሰብራል። በእርጥቡ ግን ጎበዝ ፈላጭ እየዘፈነ ይጨርሰዋል። የተፈለጠው ደግሞ ቶሎ ይደርቃል፤ በደብረ ብርሃን ንፋስ ከኅዳር ጀምሮ የተደረደረ ፍልጥ ከሦስት አራት ወር በኋላ ለምድጃ ይበቃል፤ ያልተፈለጠ ወፍራም ግንድ ግን ክረምቱ ይደርስበታል።

ፈላጩን በቀን አትቅጠሩት፤ በቁርጥ ተነጋገሩ። ምሳው በእናንተ ይሁን፤ ሥራው ከባድ ነው።

የት ላስቀምጠው?

መሬት አይንካ። ከሥሩ ሁለት የማይረባ ግንድ አጋድሙ። ከላይ ቆርቆሮ፣ ጎኑ ክፍት። በሸራ ሙሉ በሙሉ የጠቀለለ ሰው ሲከፍተው ሻጋታ ያገኛል።

አንድ መኪና ይበዛብኛል፤ ምን ላድርግ?

እንደ ቅርጫ ተካፈሉት። ለሦስት ወይም ለአራት ሆናችሁ ገዝታችሁ፣ ወፍራሙም ጠማማውም በየመደቡ እኩል እንዲደርስ አድርጋችሁ ደርድሩና ዕጣ ጣሉ። መደቡን የሚያወጣው ሰው ዕጣውን መጨረሻ ያንሣ፤ ያኔ አያዳላም። እኛ ሰፈር አራት ቤት ሆነን በዚህ ስንገዛ ቆይተናል፤ የተጣላነው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም በእንጨቱ ሳይሆን ጉማጁ ላይ ተኝታ በነበረች ዶሮ ነው።

ካወረድኩ በኋላ መጉደሉን ባውቅስ?

ከፍላችሁ ከሆነ አልቋል። የመጀመሪያ ጊዜዬ እንዲሁ ነበር። ሾፌሩ በሌሊት አምጥቶ አራግፎ፣ ገንዘቡን ቆጥሮ፣ ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ። ሲነጋ ክምሩን ገለጥ ሳደርገው መሀሉ ቅጠልና የበሰበሰ ጉቶ ነው። እናቴ መጣች፣ አየችው፣ ምንም አላለችም፤ በዚያ ሰሞን አረቄ አላወጣችም።

ከዚያ ወዲህ በሌሊት የመጣ መኪና አላወርድም። መጥቶ ቆሞ ይደር። ጠዋት በብርሃን ካሶኔው ላይ እንዳለ እለካዋለሁ፤ ሲወርድ ግቢው ውስጥ አስደርድሬ እንደገና እለካዋለሁ። የሁለተኛው ልክ ከመጀመሪያው በጣም ካነሰ ልዩነቱን ከዋጋው ላይ አነሣለሁ፤ ይህንንም ገና ሳይጫን ለሾፌሩ እነግረዋለሁ። «አይሆንም» ካለኝ ሌላ መኪና እፈልጋለሁ።